ለኮማንደሩ ሽኝት ጸሐፊ ለሆንሽው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔና እናትሽ ፈጣሪ ይመስገን ሰንዳፋ ደህና ነን። የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። የጣቢያችሁ ኃላፊ ኮማንደር ጡረታ ሊወጡ መሆኑን፣ የየካ አባዶ ነዋሪ ሽኝት ሊያዘጋጅላቸው መስማማቱን፣ አንቺም የኮሚቴው ጸሐፊ ሆነሽ መመረጥሽን አንብቤ ደስ ብሎኛል። ከየት ልጀምር ብለሽ ጠይቀሻል። በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ ስላልሆነ በጽሑፍ አደረግሁት፤ ለኮሚቴው አባላትም ብታነቢላቸው ደስ ይለኛል።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዢልኝ። ፖሊስን ስናመሰግን አመሰጋገናችን ሰውየው ሲጠብቁት የኖሩትን ነገር ማፍረስ የለበትም። ዕድሜ ልካቸውን እጅ መንሻ አልቀበልም ያሉ ሰው በመጨረሻው ቀን በይሉኝታ ከተዋጣ ገንዘብ የተገዛ ስጦታ ቢሸከሙ፣ የሰው ምሥጢር በሆዳቸው ይዘው የኖሩ ሰው በሽኝታቸው ዕለት ያው ምሥጢር በማይክሮፎን ሲዘረገፍ ቢሰሙ፣ አከበርናቸው አይባልም። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ርክክቡ ማለቁን አረጋግጡ። የጣቢያ ኃላፊ ሲሰናበት የሚያስረክበው ብዙ ነው። መሣሪያው ከነጥይቱ በቁጥር፣ የመገናኛ ሬዲዮው፣ ማህተሙ፣ ተሽከርካሪው፣ በእጁ ያሉ መዝገቦች፣ የኤግዚቢት ክፍሉ ቁልፍም በውስጡ ካለው ዕቃ ጋር። ጊዜ የሚበላው ይህ የመጨረሻው ነው። የፍርድ ቤት ውሳኔ ሲጠብቅ የተቀመጠ ስልክ፣ ሞተር ሳይክል፣ የተቆረጠ የመብራት ሽቦ፣ የተነቀለ የውኃ ቆጣሪ፣ ሁሉም ከመዝገብ ቁጥሩ ጋር አንድ በአንድ ይመሳከራል። መለያ ወረቀቱ የተላጠ አንድ ዕቃ ከተገኘ የማን እንደሆነ እስኪታወቅ ፊርማው ይቆማል። ክሊራንስ ሳያልቅ ድግስ ተደግሶ በማግስቱ አንድ ነገር ጎደለ ቢባል፣ ወሬው የሚጣበቀው ከሽኝቱ ጋር ነው። ስለዚህ ኮማንደሩን ራሳቸውን በጨዋ ደንብ ጠይቋቸው፤ «ርክክቡ መቼ ያልቅልዎታል?» ማለት ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ሥራቸውን የሚያውቅ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

ሌላው ምክንያት ሕግ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሹም ከሚያገለግለው ሰው ዋጋ ያለው ነገር ቢቀበል በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሊያስጠይቀው ይችላል። የስንብት ደብዳቤው ላይ ሁለት ቀን አለ፤ አንደኛው ደብዳቤው የተጻፈበት፣ ሁለተኛው ስንብቱ የሚጸናበት። እናንተ የምትቆጥሩት ሁለተኛውን ነው። መሥሪያ ቤቱም የራሱን ሽኝት ያደርግላቸዋልና የእናንተ ከዚያ በኋላ ይሁን፤ የሰፈር ሰው ከተቋሙ ቀድሞ ቢሸልም አለቆቻቸውን ማሳቀቅ ይሆናል።

ቀኑን በተመለከተ አሁን ያላችሁበት ወቅት ጥሩ ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ የአባዶም ጭቃ ደርቋል። ግን መስኮቱ ጠባብ ነው፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ደግሞ የፖሊስ ሽኝት ስለሆነ ሌላ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ከተማው የሚደሰትበት ቀን ለፖሊስ የሥራ ቀን ነው። በመስቀል፣ በኢሬቻ፣ በጥምቀት፣ በዒድ፣ በኅዳር በሚካሄደው ታላቁ ሩጫም ዕለት ባልደረቦቻቸው ሁሉ ስምሪት ላይ ናቸው። በዚያ ቀን ብትጠሩ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ሰውየውም አብረዋቸው የሠሩትን ሳያዩ ይሸኛሉ። ኅዳር 12ም ሚካኤል ነውና ብዙ ቤት እንግዳ አለው። እንግዲህ ከታላቁ ሩጫ ጋር የማይገጥም፣ ከጾሙ በፊት ያለ እሑድ ምረጡ። ሰዓቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሁን፤ ጠዋቱ ለቤተ ክርስቲያንና ለእድር ስብሰባ ይተው። ጥሪው ላይ 7 ሰዓት ተኩል ብላችሁ ጻፉ። 11 ሰዓት ሳይሞላ ማለቅ አለበት፤ ከመሀል ከተማ የሚመጣ እንግዳ ከመሸ ከአባዶ ታክሲ አያገኝም፤ ሌሊት ተረኛ የሆነ አባልም ወደ ፈረቃው መድረስ አለበት።

ለመሥሪያ ቤታቸው የምትጽፉት ጥሪ ማህተም ይኑረው። «የሽኝት ኮሚቴ» የሚል ብቻ ከሆነ መዝገብ ቤት ቁጥር አይሰጠውም፤ ቁጥር ያልተሰጠው ደብዳቤ ደግሞ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ይጠፋል። ኮንዶሚኒየም ስለሆናችሁ የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ማህበራችሁ ሕጋዊ ማህተም አለው፤ በእሱ ወይም በእድሩ ይውጣ። ከ2 ሳምንት በፊት አስገቡና በግልባጩ ላይ የተቀበለውን ክፍል ፊርማና ቀን አስፈርማችሁ ያዙ። መንገድ የሚዘጋ ድንኳን ከሆነ ለወረዳው ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል። እኔ ግን በኮሙናሉ፣ በኮንዶሚኒየሙ የጋራ መገልገያ ቤት ውስጥ ቢሆን እመርጣለሁ። የእድሩ ድንኳን ነጻ ነው፣ ያውም ቅርብ ነው፤ ይሁንና ስንት ቤት ያለቀሰበት ድንኳን ነው፤ አንዳንድ እናቶች ለደስታ ሲተከል ማየት አይወዱም። አግዳሚውንና ሲኒውን ግን ከእድሩ ተዋሱ፤ ሲወጣና ሲገባ እየተቆጠረ ይፈረም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እዚህ ላይ ብትሳሳቱ ሌላው ሁሉ አያድናችሁም። አንደኛ፣ ማንም የፖሊስ አባል መዋጮ አይሰብስብ፣ ዝርዝሩንም አይያዝ። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው በር ሲያንኳኳ «እንደፈቀዳችሁ» ቢልም የሚሰማው ትእዛዝ ሆኖ ነው። ሁለተኛ፣ በጣቢያው ክስ ያለበት፣ መዝገቡ ያልተዘጋ፣ ዘመድ የታሰረበት ሰው አያዋጣ፤ በራሱ ፈቃድ ቢያመጣም በትህትና መልሱለት። ሦስተኛ፣ መጠጥ ቤቶች፣ የእንግዳ ማረፊያዎች፣ ከፖሊስ ጋር በየጊዜው የሚነካኩ ንግዶች በድርጅት ስም አይግቡ። ባለቤቶቹ እንደ ነዋሪ እንደማንኛውም ሰው ያዋጡ። ለሁሉም አንድ ዝቅተኛ ተመን ቁረጡ፤ ከፍተኛ ጣራም ቁረጡ። ጣራው የበለጠ ያስፈልጋል፤ አንድ ሰው ብቻውን ግማሹን ከሸፈነ ነገ ለአዲሱ ኃላፊ «እኛ ነን የሸኘናቸው» ብሎ የሚሄደው እሱ ነው።

ደረሰኝ ቁረጪ። ገንዘብ ያዡና ሰብሳቢው በጣምራ ፊርማ የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ፤ ጊዜ ካጠረ የእድሩን ሒሳብ ተጠቀሙና በቃለ ጉባኤ ይለይ። ሽኝቱ ካለቀ በሳምንት ውስጥ ገቢና ወጪው በየብሎኩ መግቢያ ይለጠፍ። ከተረፈ ምን እንደሚሆን ከመሰብሰባችሁ በፊት ወስኑ፤ ከተሰበሰበ በኋላ መወሰን ጠብ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ዋና ሥራ ልምጣ፤ የአገልግሎት ታሪካቸውን መጻፍ። ብዙ ሽኝት ላይ የሚነበበው ጽሑፍ «ለሀገራቸው ሌት ተቀን የደከሙ፣ ቆራጥ፣ ጀግናና አርአያ መሪ» ይላል። ይህ ዐረፍተ ነገር ስሙ ተቀይሮ ለማንም ይነበባል። ሰውየው አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙታል፤ የእሳቸው ስላልሆነ። የሚያከብራቸው የሠሩት ነገር በልኩ ሲነገር ነው።

ለዚህ መነሻሽ የግል ማህደራቸው ነው። ማህደሩን አንቺ አታይውም፤ የሰው ሀብት ክፍሉን በደብዳቤ ጠይቂና የቅጥር፣ የሥልጠና፣ የማዕረግ፣ የዝውውርና የሽልማት ቀናት በዝርዝር ተጽፈው ይሰጡሽ። ከዚያ ኮማንደሩ ዘንድ ሂጂና በእጃቸው ካሉት ደብዳቤዎች ጋር አመሳክሪ። የማዕረግ ደብዳቤም እንደ ስንብቱ ደብዳቤ ሁለት ቀን አለው፤ ማዕረጉ የሚቆጠረው «ከዚህ ቀን ጀምሮ» ከሚለው ነው። አገልግሎቱን አታጠጋጊ፤ 29 ዓመት ከ8 ወር ከሆነ እንደዚያው ይጻፍ። ባልደረቦቻቸው ወሩን ሳይቀር ይቆጥራሉ።

ሦስት ቦታ ላይ ስሕተት ይፈጠራል። አንዱ ዘመን አቆጣጠር ነው። የውጭ ሥልጠና ምስክር ወረቀት በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ ወዲያ 8። ኦክቶበር 1995 ጥቅምት 1988 ነው፤ ጃንዋሪ 1996ም ጥር 1988 ነው። በጅምላ 8 እየቀነሱ የጻፉ ሰዎች አንድን ሰው ሳይቀጠር ሥልጠና ልከውት ያገኘሁበት ጽሑፍ አለ። ሁለተኛው የቦታ ስም ነው። የካ አባዶን ዛሬ ለሚ ኩራ እንላለን፤ ክፍለ ከተማው ግን የተቋቋመው በ2013 ዓ.ም. ነው። ኮማንደሩ ከዚያ በፊት በየካ ክፍለ ከተማ ሠርተው ከሆነ «የካ» ይባል። ከ1995 ዓ.ም. በፊት የነበረው ወረዳ ደግሞ ከዛሬው ወረዳ ጋር በቁጥር ቢመሳሰልም አንድ አይደለም። ሥልጠናቸው እዚህ እኛ ዘንድ ሰንዳፋ ከሆነም ተቋሙ በዚያን ጊዜ የነበረውን ስም ያዥ፤ አባዲና የነበረው ፖሊስ ኮሌጅ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ሦስተኛው ማዕረግ ነው። የዱሮዎቹ ሃምሳ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ ይባሉ ነበር፤ የዛሬው ተርታ ከኮንስታብል ተነሥቶ በሳጅን፣ በኢንስፔክተርና በኮማንደር አድርጎ ወደ ኮሚሽነር ይወጣል። በየእርከኑ ረዳት፣ ምክትልና ዋና የሚባሉ አሉ፤ «ምክትል» የምትለዋን ቃል ብትጥያት የሰው ማዕረግ ከፍ አደረግሽ፣ «ዋና»ን ብትጥይ ደግሞ ዝቅ አደረግሽ።

ቀናቱ ከተስተካከሉ በኋላ ሥራው ይመጣል። ኮማንደሩን «ስለ ጀግንነትዎ ይንገሩኝ» ብለሽ አትጠይቂ፤ ዝም ይሉሻል። «ጠዋት ጣቢያ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ምን ነበር?» በያቸው። ጥሩ የጣቢያ ኃላፊ የሚያየው የዕለት ሁኔታ መዝገቡንና ሌሊት የገቡትን እስረኞች ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ዓርብ ማታ የተያዘ ሰው ግን ሰዓቱ የሚያልቀው እሑድ ማታ ነው፤ ኃላፊው ቅዳሜ ጠዋት ተረኛ ችሎት እንዲቀርብ ካላዘዘ፣ መርማሪው ቃል ተቀብሎ ካልጨረሰ፣ መኪና ካልተገኘ ሰውየው ሰኞን ይጠብቃል። ኮማንደሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣቢያ የሚገኙት ለዚህ ከሆነ፣ ከማንኛውም ቅጽል በላይ እሱን ጻፊ። «ቅዳሜ ጠዋት ሌሊት የገቡትን መዝገብ እየገለጡ ለተረኛ ችሎት ያስልኩ ነበር» የምትል አንዲት መስመር ከአንድ ገጽ ሙገሳ ትበልጣለች፤ ጣቢያ ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ምን ያህል እንደምትከብድ ያውቃል።

ዳር ሰፈር ደግሞ የራሱ ሥራ አለው። የጋራ መኖሪያው ሰው ገና ሳይሞላ በሩ፣ ቧንቧው፣ ሽቦው ይነቀል ነበር። መብራት ያልደረሰበት መንገድ ነበር፤ ከአራት አቅጣጫ የመጣና ጎረቤቱን የማያውቅ ነዋሪም ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ የማህበረሰብ ፖሊስ ሥራ ቢሮ ውስጥ አይሠራም። ብሎክ በብሎክ የጥበቃ ተራ ማውጣት፣ የሌሊት ጥበቃዎችን መዝግቦ ከጣቢያው ስልክ ጋር ማገናኘት፣ ሰው 991 እንዲደውል ማስለመድ፣ የውኃና የመሬት ድንበር ጠብ ወደ ክስ ከማደጉ በፊት ከሽማግሌዎች ጋር መቀመጥ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ኮማንደሩ ራሳቸው የጀመሩት የትኛው ነው? ከእሳቸው በፊት የነበረውስ? ለይተሽ ጻፊ። ከሳቸው በፊት የነበሩት ኃላፊ የጀመሩትን ለእሳቸው ብትሰጪ የመጀመሪያው የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው።

ወንጀል በዚህን ያህል በመቶ ቀነሰ የሚል ቁጥር ከማንም ብትሰሚ ጽሑፉ ውስጥ አታስገቢ፤ ከተቋሙ በደብዳቤ ካልመጣ በቀር። ቢመጣም አስቢበት። ሰው ፖሊስን ማመን ሲጀምር ስልክ የተነጠቀ ሁሉ ያመለክታል፤ የተመዘገበው ስርቆት ይጨምራል። ያ ጭማሪ የውድቀት ሳይሆን የመታመን ምልክት ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ጸጥ ያለበት ሰፈርም ሁልጊዜ ሰላም ያለበት አይደለም።

ርዝመቱ ከ400 ቃል አይለፍ። አማርኛ በስብሰባ ላይ በእርጋታ ሲነበብ በደቂቃ ከ100 ቃል ብዙ አይበልጥም፤ 4 ደቂቃ ማለት ነው። ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ መቋቋሙን ማንሳት ለሚወዱ ተናጋሪዎች እሱን ተዪላቸው፤ ያንቺ ጽሑፍ ስለ አንድ ሰው ነው።

የሚናገሩትን ስትመርጪ ተጠንቀቂ። ከባለሥልጣን አንድ፣ ከባልደረቦቻቸው አንድ፣ ከነዋሪው ሁለት ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ። ከባልደረቦቻቸው መካከል አብሮ አለቃ የነበረውን ሳይሆን በእሳቸው ሥር የሠራ ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው አባል ይናገር፤ አለቃ በበታቹ አፍ ሲመሰገን ይታመናል። ከነዋሪው የተሰረቀ ዕቃው የተመለሰለት ባለ ሱቅ፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ የብሎክ ጥበቃ ሊሆኑ ይችላሉ።

የማይነገረውን ግን ለሁሉም አስቀድመሽ ንገሪ። ባሏ ደብድቧት ጣቢያ የሄደች ሴት፣ የተደፈረች ልጅ፣ ከቤት የጠፋ ሕፃን ታሪክ በሽኝት መድረክ አይነሣም። ባለጉዳይዋ ፈቅጃለሁ ብትልም ሰፈር ውስጥ ነገ የምትኖረው እሷ ናት። ጥቆማ የሰጠ ሰው በፍጹም አይነሣ። «ያኔ እገሌ ባይነግረን ኖሮ» የምትል በፍቅር የተነገረች ዐረፍተ ነገር አንድን ሰው አደጋ ላይ ትጥላለች፤ የተፈረደበት ሰው ዘመድ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። በፍርድ ቤት ያለ ጉዳይም አይነካ። ፎቶ አንሺውን ጣቢያው ግቢ ውስጥ አትላኩት፤ የእስረኛ ፊት፣ የመሣሪያ ክፍል፣ የስምሪት ሰሌዳ በስላይድ ላይ መታየት የለበትም። የሲቪል ለባሽ አባላት ፎቶም እንዳይነሣ ከተቋሙ ጋር ተነጋገሩ።

ስጦታውን ጋቢ አድርጉት። አንዳንዶች ቴሌቪዥን፣ አንዳንዶች ወርቅ ይላሉ፤ ጋቢ ግን ዋጋው አይከብድም፣ ማንንም ባለዕዳ አያደርግም፤ ትርጉሙንም ሁሉም ያውቀዋል። ሽሮ ሜዳ ሂዱ፣ ግን ጠዋት ሂዱ፤ ጋቢ በቀን ብርሃን እንጂ በአምፖል አይገዛም። አራት ድርብ መሆኑን ጠርዙን ገልጠሽ ቁጠሪ። ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ በእጅ የተፈተለ መሆኑን ለማወቅ ወደ ብርሃን ያዢና ተመልከቺ። የእጅ ፈትል አንዱ ቦታ ወፈር፣ አንዱ ቦታ ቀጠን ይላል፤ በጣት ሲዳሰስ ለስላሳ ፀጉር አለው። ሁሉም ክር እኩል ከሆነና ከብርሃኑ ፊት እንደ ወንፊት ካሳየሽ፣ ያ ከሁለት እጥበት በኋላ ይሳሳል። መሐል ላይ ሁለቱ ወርድ የተጋጠሙበትን ስፌት ሳብ ሳብ አድርጊው፤ ከተጨማደደ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው ከረዘመ ሲለብሱት ይንሻፈፋል። ኮማንደሩ ረጅም ናቸው ብለሻልና በቁመታቸው የሚሆን ሰው ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አልብሳችሁ እዩት፤ ከትከሻ ተጥሎ ከጉልበት በታች መውረድ አለበት።

የሚያለብሱት ሽማግሌዎች ሁለት ይሁኑ፣ በግራና በቀኝ። የደንብ ልብስ ይለብሱ አይለብሱ የሚወስነው ተቋሙ ነው፤ ለብሰው ከመጡ ባርኔጣቸውን አውልቀው በብብታቸው እስኪይዙ ድረስ ሽማግሌዎቹ ይታገሡ። ይህን አስቀድማችሁ ካልተለማመዳችሁት ጋቢው ባርኔጣው ላይ ይወድቃል፣ ሰው ይሥቃል፣ የክብሩ ደቂቃ ያልፋል። ምርቃቱን ቄሱም ሼኩም ይስጡ፤ ከመድረክ የሚወርዱትም አብረው ይሁን።

ባለቤታቸውን አትርሱ። ፊት ለፊት መሐል ላይ ከጎናቸው ይቀመጡ እንጂ የእንግዳ ተርታ ውስጥ አይጥፉ። በዓል በመጣ ቁጥር ቤቱን ብቻቸውን የያዙት እሳቸው ናቸው። ነጠላ ይዘጋጅላቸው፤ ስማቸውም ተጠርቶ ይሰጣቸው እንጂ በፌስታል አይታደል።

ተናጋሪዎቹ «እንግዲህ መንግሥት ይጦራቸዋል» የሚሉትን ነገር አስቀሪልኝ። ጡረታ ችሮታ አይደለም። ከደመወዛቸው ሲቆረጥ ኖሯል፤ አሁን የሚቆረጠው 7 በመቶ ነው፤ ለፖሊስና ለመከላከያ አባል መንግሥት 25 በመቶ ይጨምራል። ስሌቱም ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ከመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.65 በመቶ፣ ጣራው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ላገለገለ 30 ሲደመር 33፣ 63 በመቶ ይሆናል። ይህን የምነግርሽ ስጦታውን ስታስቡ ገቢያቸው እንደሚቀንስ እንድታውቁ ነው፤ ወጪ የሚያስከትል ስጦታ አትስጡ። አንድ የተግባር ነገር ካደረጋችሁላቸው ግን፣ ለአገልግሎት ታሪኩ የሰበሰብሻቸውን ደብዳቤዎች በሥርዓት ቅጂ አንሥተሽ፣ በቀን ቅደም ተከተል አስረሽ በአቃፊ ስጫቸው። የማህደር ክፍተት ሲገኝ የሚጠየቁት ያንኑ ወረቀት ነው።

ምግቡ ላይ ብዙ አትጨነቁ። እርድ አይኑር። ኃላፊው የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነበሩ፤ ሁለት ማእድ ከምትዘረጉ ሁሉም ከአንድ መሶብ የሚበላው ይቅረብ። ለ120 ሰው አምስት አምስት ኪሎ ዱቄት የያዘ 4 ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የምስር ሳምቡሳ ለሰው ሁለት ሁለት፣ 2 ኪሎ ቡና ይበቃል። ጀበናው ከ4 አያንስ፤ በ2 ጀበና 120 ሰው ማዳረስ ሰዓቱን ይበላዋል። የምግቡ ቦታ ከኮማንደሩ ንግግር በኋላ ነው። ቀድሞ ከቀረበ ግማሹ ሰው በልቶ ይሄዳል፤ እሳቸውም ለባዶ ወንበር ይናገራሉ። ለንግግራቸው 10 ደቂቃ ተዉላቸው፣ አታቋርጧቸው። መብራት ሊጠፋ ይችላልና ጄኔሬተሩን ከአንድ ቀን በፊት አስነሥታችሁ ማይኩን በእሱ ሞክሩት፤ ድምፅ ማጉያው ላይ የሚያጉረመርም ድምፅ ካመጣ ጄኔሬተሩን ከኮሙናሉ ጀርባ አርቁት።

የምስክር ወረቀቱ ላይ ስማቸውን ስትጽፊ እንደምትሰሚው ሳይሆን በመታወቂያቸው ላይ እንዳለው፣ እስከ አያት ጻፊ። ሀ ነው ሐ ወይስ ኀ፣ ሰ ነው ሠ፣ ጸ ነው ፀ፣ ፊደል በፊደል ተመልከቺ። በመስታወት ተሠርቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ነውና የተሳሳተች አንዲት ፊደል በየቀኑ ታያቸዋለች። ፋይሉን ወደ ማተሚያ ቤት በፒዲኤፍ ላኪ፤ በሌላ መልክ ከላክሽው የአማርኛው ፊደል በእነሱ ኮምፒውተር ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሊከፈት ይችላል። ባነሩም ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና በወረቀት አውጥተሽ ጽሑፉን ያልጻፈ ሰው ያንብበው።

የአገልግሎት ታሪኩን ረቂቅ ስትጨርሺ ከማንም በፊት ለኮማንደሩ አንብቢላቸው፤ የሚሰርዙትን ያለ ክርክር ሰርዢ። ከዚያ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ቀኖቹን አንድ በአንድ አይልሻለሁ። እናትሽ ከአራቱ ድፎ ሁለቱን እኔ እጋግራለሁ ብላለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት መነኸሪያ የሚቀበል ሰው አዘጋጂ።

አባትሽ፣
ሰንዳፋ